የፊት ጎማ ኩሽኔታ ምንድን ነው? ማለቁስ በምን ይታወቃል?

ድምፁ የጀመረኝ ወልቂጤን እንዳለፍኩ ነው። መጀመሪያ የአስፋልቱ ሻካራነት መሰለኝ። 60 ላይ "እምምም" ይላል። 80 ላይ ይጎላል። ፍጥነት ስቀንስ አብሮ ይቀንሳል። ጅማ እስክገባ ድረስ አልተለየኝም።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። "የፊት ጎማዎችህ ተበልተዋል፣ ቀይራቸው" አሉኝ። ሁለት አዲስ ጎማ ገዛሁ። ድምፁ ግን እዚያው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ጋራዥ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። መኪናዋን በክሪክ አነሱ። አንድ እጃቸውን ሞላው ላይ አሳርፈው በሌላው ጎማውን አዞሩት። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። "ልጄ፣ ጎማህ ደህና ነው። ኩሽኔታህ ነው የሞተው" አሉኝ።

ያ ሁሉ ብር ላልተበላሸ ጎማ ወጣ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደኔ እንዳያወጣ ነው።

ኩሽኔታ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከካምቢዮ፣ ከፍሪሲዮን፣ ከክሪክ ጋር ጋራዦቻችን ውስጥ ቀርቷል። በጣሊያንኛ ትርጉሙ "ትንሽ ትራስ" ማለት ነው። ስሙ ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል። የመኪናው ክብደት ሁሉ ወርዶ ወርዶ በመጨረሻ የሚያርፈው እዚህ ትራስ ላይ ነው። ልዩነቱ ይህ ትራስ ክብደት ተሸክሞ መሽከርከርም አለበት።

አንድ ኩንታል ቡና መሬት ለመሬት ጎትቱ። ወገብ ይቆርጣል። አሁን ከሥሩ ክብ እንጨቶች ደርድራችሁ ግፉት። ራሱ ይሄዳል። የኩሽኔታ ነገርም ይኸው ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉ። በመካከላቸው ኳሶች ወይም ሮለሮች ይንከባለላሉ። እርስ በርስ እንዳይጋጩ አንድ ስስ ቤት ለያይቶ ይይዛቸዋል። ውስጡ ግሪስ አለ። ከውጭ ደግሞ ግሪሱን ወደ ውጭ፣ ውሃና አቧራን ወደ ውስጥ የማያሳልፍ የጎማ ሲል አለው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የዌልሱ ፊሊፕ ቮን ለሠረገላ አክስል የኳስ ኩሽኔታ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1794 ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። በ1898 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሠረገላ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ቲምከን ጫፉ ሾጠጥ ያለውን ሮለር አስመዘገበ። ዛሬም በከባድ መኪኖች የፊት ጎማ ውስጥ የምናገኘው የዚያ ዓይነት ነው።

ሥራው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። የአንድ ኮሮላ ጎማ ዙሪያው ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ በ1 ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ጉዞ ብቻ 175,000 ዙር መሆኑ ነው፤ ያውም ጭነት ተሸክሞ፣ ጉድጓድ እየመታው። ደህና ኩሽኔታ ይህን ለዓመታት ያለ ድምፅ ይሠራል። ብረቱ ከብረቱ ጋር እንዳይፋጭ የሚያደርገው ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የግሪስ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ሲጠፋ ኩሽኔታው መሞት ይጀምራል።

ሽማግሌው መካኒክ ያረጀውን አውጥተው ሲከፍቱት ግሪሱ ቡናማ ሆኖ ቀጥኗል። ማኪያቶ ይመስላል። ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም፦

"መኪናህን የት ነው የምታሳጥበው?"

"ወንዝ ዳር ነው፣ ጋሼ። ከመንገድ ስገባ በቀጥታ።"

"ትኩስ እያለ?"

"አዎ።"

"በቃ፣ ገዳዩ እሱ ነው።"

ነገሩን ሲያስረዱኝ ገባኝ። ረጅም መንገድ የመጣ ጎማ ሞዞው፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትና ከኩሽኔታው ጋር የሚዞረው የመሃል ብረት፣ ይግላል። በተለይ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዙ ሲወርዱ የዲስኩ ሙቀት ወደ ሞዞው ያልፋል። ውስጡ ያለው አየር በሙቀት ይሰፋል። ይህን የጋለ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትከቱት አየሩ ይኮማተራል፣ ውሃውንም በሲሉ ጠርዝ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ የገባበት ግሪስ ኃይሉን ያጣል፣ ብረቱም ይዝጋል። የዝገት ነጠብጣብ ላይ ኳስ ሲሮጥ ነጠብጣቡ ጉድጓድ ይሆናል። ጉድጓዱ ድምፅ ይሆናል።

ብዙ ሰው ኩሽኔታ የሚገድለው የመንገድ ጉድጓድ ብቻ ይመስለዋል። ጉድጓድም፣ ከልክ ያለፈ ጭነትም ይጎዳሉ፣ አልክድም። ጅማ ላይ ግን እኔ ከሁሉም በፊት የምጠረጥረው ውሃን ነው። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ ክረምቱን ብቻ ጠብቆም አይዘንብም። ቀይ ጭቃው ጎማ ሥር ይደርቃል፣ እንደገና ይርሳል። በዚያ ላይ የመኪና ማጠቢያው ኃይለኛ የውሃ ግፊት ሲል ላይ ተደግኖ ሲተኮስ ይገባል። እባካችሁ፣ ከረጅም መንገድ ስትገቡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቁማችሁ አቀዝቅዙት። ውሃ አጣቢውንም "ጎማው መሃል ላይ አትደግንብኝ" በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መለየቱ እንሂድ። ድምፅ የሚያሰማ ነገር ብዙ ስለሆነ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን ከጎማው ለዩ። ሜዳና ነጻ መንገድ ላይ ድምፁ እየተሰማ ለአፍታ ፎሌ አድርጉት፣ ማለትም ማርሹን አውጡት። የሞተሩ ዙር ወርዶ ድምፁ እንዳለ ከቀጠለ ነገሩ ከሞተር አይደለም፣ ከሚሽከረከረው አካል ነው። ቁልቁለት ላይ ይህን እንዳትሞክሩ።

ቀጥሎ ጎማን ከኩሽኔታ ለዩ። የጎማ ድምፅ መንገዱ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳው ስትገቡ ይለወጣል። የኩሽኔታ ድምፅ ግን መንገድ አይመርጥም፤ ፍጥነትን ብቻ ይከተላል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ሁለቱን ጎማዎች ባልገዛሁ ነበር።

የትኛው ጎን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሰፊ መንገድ ላይ መሪውን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጉ። ወደ ግራ ስትዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል። ያኔ ድምፁ ከጨመረ ቀኙን ጠርጥሩ። ወደ ቀኝ ስትዞሩ ከጨመረ ግራውን። ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ በዚህ ብቻ ዕቃ አትግዙ። መሪው ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ስትዞሩ "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" የሚል ከሆነ ደግሞ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ሲቪ ጆይንቱን፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረውን አክስል መጋጠሚያ፣ እዩ።

ከዚያ መኪናውን አንሱት። መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ የኋላ ጎማዎቹ ይታገዱ፣ ከክሪኩ ሌላ ጠንካራ ማቆሚያ ይግባ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፣ በልመና እላለሁ።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ወዝውዙት። የሚነቃነቅ ነገር ከተሰማችሁ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ (እግሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ነው። እግር የምለው ኩሽኔታውን የሚይዘውን፣ ከጎማው ጋር የማይሽከረከረውን ብረት ነው። ሁለቱን የምትለዩት ቀላል በሆነ ዘዴ ነው። አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፣ እናንተ እንደገና ወዝውዙ። ፍሬን ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ምክንያቱም ፍሬኑ ዲስኩን ከእግሩ ጋር አንድ ያደርገዋል። ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ተመልከቱ። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመሪው ዘንግ ጫፍ ነው።

በመጨረሻ የሽማግሌውን ዘዴ ሞክሩ። እኔ ከሁሉም የማምነው እሱን ነው። እጃችሁን ሞላው ላይ አሳርፉና ጎማውን አዙሩ። ጤነኛ ኩሽኔታ እንደ ሐር ይሄዳል፣ እጃችሁ ላይ ምንም አይመጣም። የተበላው ግን በሞላው በኩል ይንዘረዘራል፣ አሸዋ እንደሚፈጭ ወፍጮ። ጆሮ የማይሰማውን እጅ ይሰማዋል። ግራውንም ቀኙንም ሞክራችሁ አወዳድሩ።

ሲያጉረመርም መንዳት ይቻላል ወይ? ድምፅ ብቻ ከሆነ ጋራዥ ለመድረስ ትደርሳላችሁ። መነቃነቅ ከጀመረ ግን ረጅም መንገድ አትውጡበት። ፍሬኑ ይሸሻል፣ ጎማው ያለ ሥርዓት ይበላል፣ ሙቀቱ እያየለ ኩሽኔታው አክስሉ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ጎማው እስከ መውጣትም ይደርሳል።

የሚቀየርበት መንገድ እንደ መኪናው ነው። ብዙ አይሱዙዎችና የቆዩ ፒክአፖች ላይ ሾጣጣ ሮለር ያላቸው ሁለት ኩሽኔታዎች ሞዞው ውስጥ ይቀመጣሉ። እነዚህ ይፈታሉ፣ ይታጠባሉ፣ ግሪስ ይሞላሉ። ሮለሩ ከተበላ የውጭ ቀለበቱም አብሮ ይቀየራል፤ አዲሱን ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ ማስኬድ ገንዘብ መጣል ነው። ግሪሱ ከላይ ተቀብቶ አይበቃም። መዳፍ ላይ አድርጎ በሮለሮቹ መካከል እስኪወጣ ድረስ መጫን አለበት። ኩሽኔታውን የሚይዘው ዳዶ ሲጠበቅ ጎማው እየተሽከረከረ ይጠበቃል፣ ከዚያ ላላ ተደርጎ እንደገና በስሱ ይያዛል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይቃጠላል፣ ከላላ ይወዛወዛል።

ኮሮላና ቪትዝን በመሳሰሉት የቤት መኪኖች፣ ብዙዎቹ ላይ፣ ኩሽኔታው የታሸገ አንድ ዕቃ ነው፤ በኃይል ተገፍቶ ነው የሚገባው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ከሞዞው ጋር አንድ ላይ ይመጣል፣ በብሎን ይታሰራል። ይህኛው ለመቀየር ቀላል ነው።

ችግር ያለበት በግፊት የሚገባው ነው። የአክስሉ ትልቅ ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ ይላላል። ጎማው ይወጣል። የፍሬን ካሊፐሩ (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል) ይፈታና በሽቦ ይንጠለጠላል፤ በራሱ የፍሬን ቱቦ ተንጠልጥሎ እንዳታዩ። ከዚያ እግሩ ተፈትቶ ወደ ፕሬስ፣ ወደ መግፊያው ማሽን፣ ይሄዳል። ፕሬስ የሌለው ጋራዥ ከሆነ ቶርኖ ቤት ይላካል። እዚህ ላይ አጠገቡ ቁሙ፣ ተመልከቱም።

ሕጉ አንድ ነው፦ የሚገፋው ጥብቅ ብሎ የሚገባው ቀለበት ብቻ ነው። ኩሽኔታው እግሩ ውስጥ ሲገባ የውጭው ቀለበት ይገፋል። ሞዞው ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከሥር ይደገፋል። በተሳሳተው ቀለበት ከተገፋ ግፊቱ ሁሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል። ኳሶቹ ቀለበቱን ይወጉታል። በዓይን አይታይም። አዲሱ ዕቃ ግን ገና ከጋራዡ ሳይወጣ ተበላሽቷል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ድምፅ ይመለሳል፣ "ዕቃው ኮፒ ነው" ይባላል። በመዶሻ መምታት ከዚህም ይብሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአገባቡ ነው ብዬ አምናለሁ። መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ካለው ደግሞ ኩሽኔታው አንድ ጎኑ ማግኔት ሊኖረው ይችላል። ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ መብራት ይበራል።

ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ቀለበቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፣ አዲሱ ላይ ያው ቁጥር መኖሩን እዩ። የአክስሉ ዳዶ በስሜት አይጠበቅም፤ በቶርክ መለኪያ ቁልፍ፣ የመኪናው መመሪያ በሚለው ልክ ነው። በትናንሽ የቤት መኪኖች ላይ 200 ኒውተን ሜትር አካባቢ የሚደርስ ኃይል ይጠይቃል። ሌላውን ጎን አብሮ መቀየር ግዴታ አይደለም። ደህና ከሆነ ተዉት።

ሲያልቅ ሰርቦ ድረስ ደርሳችሁ ተመለሱ። ፍሬን ሳታበዙ ንዱ። ስትቆሙ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሁለቱም ሞዞዎች አስጠጉ። ሁለቱም እኩል ሞቅ ካሉ ሥራው ጥሩ ነው። አዲስ የተሠራው ብቻ የሚፋጅ ከሆነ ግን ያኑ ቀን ወደ ጋራዡ መልሱት።