የገጠር ቤት ሴፕቲክ ሲስተም፦ አያያዙና ጥገናው

ከከተማ የፍሳሽ መስመር ርቆ በተሠራ ቤት ውስጥ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ የለቀቀ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ፍሳሹ ከቤቱ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ብሎ መሬት ውስጥ ተቀምጧል። ሴፕቲክ ሲስተም የአንድን ቤተሰብ ፍሳሽ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀብሎ፣ ከፊሉን አብላልቶ፣ የቀረውን ለአፈር ያስረክባል። ብዙውን ጊዜ ሞተር የለውም። መብራት አይፈልግም። ድምፅም አያሰማም። የሚረሳውም ለዚህ ነው። የሚታወሰው ደግሞ ቤቱ በእንግዳ በተሞላበት ቀን ሽንት ቤቱ አልሄድ ሲል ነው።

ስሙ ሲነሳ ለሁሉም ሰው ትዝ የሚለው ታንኩ ነው። ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሲስተሙ ሁለት አካል አለው፦ ታንኩና ማስረጊያው። ፍሳሹን በትክክል የሚያጣራው ማስረጊያው፣ ማለትም አፈሩ ነው። ታንኩ የአፈሩ ዘበኛ ነው፤ ጠጣር ነገርና ቅባት ወደዚያ እንዳያልፍ ይጠብቃል። ታንክ ቢሞላ መኪና ተጠርቶ በአንድ ቀን ይመጠጣል። ማስረጊያ ከተደፈነ ግን ነገሩ ቁፋሮ ነው። ስለ እንክብካቤ የሚነገረው ምክር ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙራ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ለቤቱ ፍሳሽ የግንብ ገንዳ ሠራ። ከዓመታት በኋላ ሲከፍተው ውስጡ በአብዛኛው ውሃ ሆኖ አገኘው፤ የጠበቀው ጠጣር የለም። እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት አወጣበት። «ሴፕቲክ ታንክ» የሚለውን ስም ያወጣለት ደግሞ ዶናልድ ካሜሮን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1895 በእንግሊዟ ኤክሰተር ከተማ። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መበስበስን ያመለክታል። ስሙ ደስ ባይልም ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል።

ታንኩ ውስጥ ፍሳሹ በሦስት ይከፈላል። ከባዱ ወደ ታች ወርዶ ዝቃጭ ይሆናል። ቅባትና ሳሙና ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ስልባቦት ይጋገራል። በመካከላቸው የደፈረሰ ውሃ ይቀራል። ይህ መለያየት ጊዜ ስለሚፈልግ ውሃው ቢያንስ አንድ ቀን ታንኩ ውስጥ መቆየት አለበት። ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ይበሉታል፤ ግን ጨርሰው አይበሉትም። የተረፈው ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመ ይሄዳል። መውጫው ላይ ቁልቁል የተገጠመ፣ የT ፊደል ቅርጽ ያለው ቲ ቱቦ አለ። አፉ ከስልባቦቱ በታች፣ ከዝቃጩ በላይ ስለሆነ የሚቀዳው የመካከለኛውን ውሃ ብቻ ነው። ከዚህች ትንሽ ቱቦ የሚበልጥ ቁም ነገር ታንኩ ውስጥ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙ ታንኮች በግድግዳ ለሁለት ክፍል ይከፈላሉ። አዳዲሶቹ መውጫው ላይ ማጣሪያም አላቸው።

ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ አይደለም። ጀርሙ ገና አብሮት አለ። በማከፋፈያ ሳጥን በኩል ወደ ማስረጊያ ቦዮች ይሄዳል፤ ቦዮቹ ጠጠር የተሞሉ፣ የተበሳ ቱቦ የተዘረጋባቸው ናቸው። ቦታ በጠበበበት ደግሞ ግድግዳው ውሃ የሚያሳልፍ ጥልቅ ማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፈራል። ቦዩ ወለል ላይ ጥቁር፣ ሙልጭልጭ ያለ ሽፋን ያድጋል። ባክቴሪያ ነው። ስስ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ውሃውን እያዘገየ ያጣራል። ሲወፍር ግን አፈሩን እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። የሚያወፍረው ደግሞ ካልተመጠጠ ታንክ የሚያመልጥ ዝቃጭና ቅባት ነው። ከሽፋኑ በታች አየር ያለው፣ በውሃ ያልራሰ አፈር ያስፈልጋል፤ እንደየአገሩ ደንብ ከ60 ሳ.ሜ. እስከ 120 ሳ.ሜ. የሚሆን።

አፈር ሁሉን ነገር አያስቀርም። ከፍሳሹ የሚመጣ ናይትሬት የተባለ ውሁድ በቀላሉ አልፎ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። በብዙ ቦታ የውሃ ጉድጓድ ከማስረጊያ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት የሚባለው በዚህና በጀርሙ ምክንያት ነው። ጉድጓዱ በዳገቱ በኩል ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሁለቱም በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉ፣ የመጠጥ ውሃውን በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመር ቅንጦት አይደለም።

ታንክ መቼ ይመጠጥ? የተለመደው መልስ በየ3 እስከ 5 ዓመት የሚል ነው። ትክክለኛው መልስ ግን በልኬት የሚገኝ ነው። ልኬቱም ቀላል ነው። ከታንኩ ጥልቀት የሚረዝም እንጨት ይፈለግና ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ነጭ ጨርቅ ይጠቀለልበታል፤ አሮጌ ፎጣ ቢሆን ይመረጣል። ክዳኑ ተከፍቶ ጥቂት አየር ያገኛል። እንጨቱ በመውጫው በኩል፣ በቲው አፍ ገብቶ፣ ታች እስኪነካ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በቲው በኩል የሚወርደው ስልባቦቱ ጨርቁን እንዳያቆሽሸው ነው። ጥቂት ደቂቃ ይቆይና ሳይቸኮል ይወጣል። ከጨርቁ ታችኛ ክፍል ላይ ጥቁር ቅንጣት ተጣብቆበታል፤ ከዚያ በላይ የነካው ውሃ ብቻ ነው። የጥቁሩ ቁመት የዝቃጩ ውፍረት ነው። የዝቃጩ አናት ከመውጫው አፍ 30 ሳ.ሜ. ያህል ብቻ ከቀረው መኪናው መጠራት አለበት። ስልባቦቱም ከላይ ወርዶ አፉን በ15 ሳ.ሜ. ከተጠጋው እንዲሁ ነው። በየዓመቱ አንዴ ለክቶ የጻፈ ሰው፣ የቤቱ ታንክ በስንት ዓመት እንደሚሞላ ከማንም በላይ ያውቃል።

የመምጠጡ ቀን መገኘት ጥሩ ነው። መምጠጫው መግባት ያለበት በዋናው ክዳን እንጂ በትንሿ መፈተሻ ቀዳዳ አይደለም። በትንሿ ከሆነ ውሃው ይወጣል፤ ዝቃጩ ይቀራል፤ ገንዘቡ ግን አይቀርም። ታንኩ ጎድሎ ሳለ ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል። ከመውጫው በኩል ውሃ ወደ ታንኩ እየተንኮለኮለ ከተመለሰ፣ ማስረጊያው ጠግቧል ማለት ነው። ከዚያ በባትሪ መብራት፣ ከውጭ ሆኖ፣ ቲዎቹ በቦታቸው መኖራቸውንና ግድግዳው አለመሰንጠቁን ማየት ይቻላል። ሁለት ነገር ደግሞ አይዘንጋ። መሬቱ ውሃ ባቆረበት ወቅት ባዶ የተደረገ የፕላስቲክ ወይም የፋይበርግላስ ታንክ ከመሬት ተገፍቶ ሊነሳ ይችላል፤ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። የተመጠጠው ዝቃጭም የወስፋት እንቁላልን ለረጅም ጊዜ ሕያው አድርጎ ስለሚያቆይ በቀጥታ አትክልት ላይ አይደፋም።

ለባክቴሪያው የሚሸጠው ዱቄትና ፈሳሽ ብዙ ነው። እርሾ ጨምሩበት የሚልም አይጠፋም። አያስፈልግም። በየቀኑ የሚገባው ፍሳሽ ራሱ ከበቂ በላይ ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል። ዝቃጩን ይቀንሳል የተባለለት ምንም ነገር ደግሞ መምጠጥን አይተካም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ዝቃጩን በትነው ወደ ማስረጊያው ይሸኙታል። የዘበኛው ሥራ እዚያ ላይ ፈረሰ ማለት ነው።

ወደ ሽንት ቤት የሚገባው ሰውነት ያስወጣውና ሶፍት ብቻ ነው። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ኮንዶም፣ እርጥብ መጥረጊያ አይገቡም። «ውሃ ውስጥ ይሟሟል» ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን አይታመን። የመጥበሻ ዘይት ሲንክ ውስጥ አይደፋም። ለጽዳት የሚውል ልክ ያለው በረኪና ችግር የለውም፤ በባልዲ መድፋት ግን ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። ቀለም፣ ቤንዚንና የተረፈ መድኃኒት ከታንክም አልፈው የውሃ ጉድጓድ ይበክላሉ።

ሰው የማይገምተው ጠላት ንጹሕ ውሃ ነው። የሳምንቱ ልብስ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በማሽን ሲታጠብ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ለመርጋት ጊዜ አያገኝም፤ እንደደፈረሰ ይገፋል። ልብሱን በሳምንቱ ቀኖች ማዳረስ ያለ ምንም ወጪ የማስረጊያን ዕድሜ ያስረዝማል። የሚያንጠባጥብ ሽንት ቤት ደግሞ ሌሊቱንም ሲሠራ ያድራል፤ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ሊያፈስ ይችላል። ለማወቅ ከላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጠብ ማድረግ ነው። ውሃ ሳይለቀቅ መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ ጎማው ያሳልፋል። የጣሪያ ውሃም ከማስረጊያው ርቆ መፍሰስ አለበት።

ማስረጊያው ላይ ሣር እንጂ ዛፍ አይተከልም። ሥር ውሃ ያሸትታል፤ የቱቦ መጋጠሚያ ገብቶ ውስጡን እንደ ፀጉር ይሞላዋል። መኪና አይቆምበትም፤ አፈሩ ከተደመደመ አየር ያጣል። ኮንክሪት ቢፈስበትም እንዲሁ ነው።

ብልሽት ሲመጣ ከቁፋሮ በፊት ማሰብ ይቀድማል። አንድ ሲንክ ብቻ ከታቆረ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ሁሉም ከተቸገሩ፣ ዝቅ ብሎ የተሠራው ሻወርም ከታች ወደ ላይ ከገፋ፣ የታንኩ ክዳን ይከፈት። ውሃው ከመውጫው ቱቦ ልክ ላይ ቆሞ ቤቱ ግን ካልፈሰሰ፣ የተዘጋው ከቤት ወደ ታንክ የሚመጣው መስመር ወይም የመግቢያው ቲ ነው። ውሃው ከመውጫው በላይ ካለ፣ ችግሩ ወዲያ ማዶ ነው፦ ማጣሪያው፣ ሳጥኑ ወይም ማስረጊያው። ከመውጫው በታች ከወረደ ታንኩ ያፈስሳል። አንድ ክዳን ከፍቶ አንድ ደቂቃ ማየት ግማሽ ምርመራ ነው።

ርካሹ ብልሽት የተደፈነ ማጣሪያ ነው። ተስቦ ይወጣና ታንኩ ላይ ሆኖ በውሃ ይታጠባል፤ የታጠበው ቆሻሻ ወደ መግቢያው በኩል ይመለሳል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የወደቀ ቲ ነው። በድሮ ታንኮች ይህ ክፍል ከኮንክሪት ይሠራ ነበር። ከፍሳሹ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ከውሃው በላይ ባለው ክፍት ቦታ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጥና ኮንክሪቱን ያንኮታኩተዋል። በፒቪሲ ቲ ይተካል። የክዳኑም የታችኛው ፊት በዚሁ አሲድ ይበላል፤ ከላይ ደህና የሚመስል ክዳን ሰው ሲረግጠው የሚደረመሰው ለዚህ ነው። ማከፋፈያ ሳጥኑ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ውሃው በሙሉ ወደ አንድ ቦይ ይሄዳል። እዚያ ላይ ሣሩ ለብቻው ለምልሞ ይታያል። ሳጥኑን ደልድሎ ማስተካከል ብቻ ብዙ ቦዮችን ያድናል። ከቤት የሚመጣው ቱቦ በአንድ ሜትር 2 ሳ.ሜ. ያህል መውረድ አለበት፤ መሬቱ ሰጥሞ ሆዱን ካወረደ ቆሻሻ እዚያው ይቀመጣል።

አንድ ነገር ግን ለቤቱ ባለቤት የተከለከለ ነው፦ ታንክ ውስጥ መግባት። ተመጥጦ ባዶ ቢሆንም አይገባም። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ በትንሹ ሲሆን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ማሽተትን ራሱ ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሰው በጥቂት ትንፋሽ ይወድቃል። ሁለተኛው ሊያወጣው ይወርዳል፤ እሱም ይቀራል። ሚቴንም ስላለ ክብሪትና ሲጋራ አጠገቡ አይደርስም። ዕቃ ከገባ ገባ ነው። ክዳኑ ለደቂቃም ክፍት ተትቶ አይኬድም፤ ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ ደግሞ መቆለፍ አለበት።

ማስረጊያው ራሱ ሲደክም ምልክቱ ግልጽ ነው። መሬቱ ደረቅ በሆነበት ወቅት ጭቃ ይታያል፤ ይሸታል፤ ሲረገጥ ይላወሳል። ታንኩን አስመጥጦ ውሃ መቆጠብ ጥቂት ቀን ይገዛል እንጂ አያድንም። አንዳንዴ የሚያድነው ዕረፍት ነው። ውሃ ለወራት ካልደረሰበት ጥቁሩ ሽፋን አየር ያገኝና እየተበላ ይሳሳል። ስለዚህ ሁለት ማስረጊያ ሠርቶ በመካከላቸው መቀየሪያ ቫልቭ የሚያደርግ አለ፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ያርፋል። ይህ ካልሆነ አዲስ ቦይ በሌላ ቦታ ይቆፈራል። ያም የሚቻለው ቦታው ቀድሞ ክፍት ሆኖ ከተተወ ነው። አዲስ ከመቆፈሩ በፊት አፈሩ ውሃ የሚያሰርግበት ፍጥነት ይፈተናል፦ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ አፈሩ ከራሰ በኋላ ውሃው በስንት ደቂቃ ስንት ሳ.ሜ. እንደሚወርድ መቁጠር። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ከሆነ አሸዋ ከላይ ተከምሮ ማስረጊያው ጉብታ ላይ ይሠራል፤ ያኔ ፓምፕ ይጨመራል፤ መብራትም ይፈልጋል።

ቆፋሪ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ታንኩ የት ነው?» ይሆናል። የብዙ ቤት መልስ በእጅ ወደ ግቢው በደፈናው መጠቆም ነው። ከቤቱ ሁለት ማዕዘኖች እስከ ክዳኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ በወረቀት ማስፈር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በዚያ የቤቱ ጎን ሁለቱ ቁጥሮች የሚገናኙበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። እዚያው ወረቀት ላይ የመጨረሻው የመምጠጥ ቀንና የዝቃጩ ልኬት ከተጻፈ፣ ቤቱ ሲሸጥም ከቁልፉ ጋር አብሮ ይሰጣል።