ሰርቨሩ ለምን ይረሳናል? ሴሽንና ኩኪ ሲለዩ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ፒኤችፒ (ድረ ገጽ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) የሚጀምሩ ተማሪዎችን ግራ የሚያጋባ ጥያቄ አለ፤ ተጠቃሚው አሁን የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሳለ፣ ቀጣዩን ገጽ ሲከፍት ሰርቨሩ (ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር) እንዴት አያውቀውም?

ኤችቲቲፒ፣ ማለትም ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ የሚሠራው እንዲያ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ይመጣል፤ ሰርቨሩ መልስ ከሰጠ በኋላ ማን እንደጠየቀው አያስታውስም። ኩኪ፣ ማለትም ሰርቨሩ በብራውዘሩ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በብራውዘር ሠሪው ኩባንያ በኔትስኬፕ የተፈጠረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ኩኪና ሴሽን ግን ይለያያሉ። ጤና ጣቢያ ስንሄድ በእጃችን የምንይዘው ቁጥር ያለባትን ትንሽ ካርድ ነው፤ የሕክምና ታሪካችን ያለበት ማኅደር ካርድ ክፍል ይቀመጣል። ኩኪ በብራውዘሩ ያለው ቁጥር ነው፤ ሴሽን ደግሞ በሰርቨሩ ያለው ማኅደር።

ልዩነቱን አጥብቃችሁ ያዙት፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። የጎጃም ጤፍ የሚሸጥ ገጽ ሠርታችሁ ዋጋውን በኩኪ ብታስቀምጡ፣ ገዢው በገዛ ብራውዘሩ ሊቀይረው ይችላል። በሴሽን ያለውን ግን በቀጥታ አይነካውም። በእርግጥ ቁጥሩን የሰረቀ ሰው የባለቤቱን ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ገጹ መልእክቱን በሚያመሰጥረው በኤችቲቲፒኤስ ይሁን።

ሴሽን የሚያስጀምረው ትዕዛዝ ከማንኛውም ኤችቲኤምኤል በፊት ይጻፋል። ኩኪው የሚጓዘው ከገጹ ይዘት ቀድሞ በሚላከው ራስጌ ውስጥ ስለሆነ፣ ከፒኤችፒ መክፈቻው በፊት ያለች አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ ስሕተት ልታመጣ ትችላለች። ደግሞም በፒኤችፒ መነሻ ቅንብር ለ1440 ሰከንድ፣ ማለትም ለ24 ደቂቃ፣ ያልተነካ ሴሽን ሊጸዳ ይችላል። ረጅም ቅጽ የሚሞላ ሰው ካለ ይህን ጊዜ አስረዝሙለት።