ስለ ፈጣን ንባብ የሚነገረንና ዓይናችን የሚያውቀው

«በደቂቃ 1,000 ቃል ታነባለህ!» የሚል ማስታወቂያ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኮርሱም መተግበሪያውም የሚሸጠው ይህንኑ ተስፋ ነው። ያላነበባቸው መጻሕፍት ለተቆለሉበት ሰው ፈተናው ከባድ ነው። እኔም ተፈትኜ አንዱን መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫንኩና አንድ አጭር ልብ ወለድ በደቂቃ 600 ቃል አነበብኩበት። ስጨርስ እህቴ ስለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰውየው መጨረሻ ላይ እንደሚሞት ነገርኳት። «ለምን ሞተ?» ስትለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። ስለ ንባብና ስለ ዓይን የተጻፈውን አጥብቄ መከታተል የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ከተነገረን ውስጥ ስንቱ ስህተት እንደሆነ ያየሁትም ከዚያ ወዲህ ነው።

«የሰለጠነ ዓይን መስመሩን በሙሉ በአንዴ ያያል»

አያይም። ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ እንደ ውሃ አይፈስም፤ ይዘላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይዘላል። እያንዳንዱ እረፍት በአማካይ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አጥርቶ የሚያየው የዓይን ክፍል ደግሞ በጣም ጠባብ ነው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ብታዩ የጥፍሩን ስፋት ያህል ብቻ ቢሸፍን ነው። ማረጋገጥ ቀላል ነው። እዚህ መስመር ላይ አንዱ ቃል ላይ አፍጥጡና ዓይናችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከእሱ አራተኛውን ለማንበብ ሞክሩ። የሆነ ቃል እንዳለ ይታወቃችኋል፤ ፊደሉ ግን አይለይም። ይህ የሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ አሠራር ስለሆነ ልምምድ አይለውጠውም።

አሜሪካዊቷ የፈጣን ንባብ አስተማሪ ኤቭሊን ውድ እ.ኤ.አ. በ1959 ዋሽንግተን ላይ ተቋም ከፍተው፣ እጅን በገጹ ላይ ቁልቁል እያንሸራተቱ ማንበብን ሲያስተምሩ ብዙ ሰው ተከተላቸው። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሳይቀሩ ኮርሱን ወስደዋል። ኋላ ማርሴል ጀስትና ፓትሪሺያ ካርፔንተር የተባሉ ተመራማሪዎች የፈጣን ንባብ ምሩቃንን የዓይን እንቅስቃሴ እየተከታተሉ ፈተኗቸው። ምሩቃኑ የቀላል ጽሑፍን ጭብጥ ይዘዋል፤ ዓይናቸው ያላረፈበትን ዝርዝር ግን አያውቁትም ነበር።

«ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ መጥፎ ልማድ ነው»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ ጥሩ አንባቢዎችን ያለ ጥፋታቸው ያሳፍራልና። ጎበዝ አንባቢ እንኳ ከዓይኑ እንቅስቃሴ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ወደ ኋላ ነው። የሚመለሰውም ያሰበው ትርጉም አልገጥም ሲለው ነው።

አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም። ይህችን አረፍተ ነገር እዩልኝ፦ «ልጁ ይመታል ብዬ ስሰጋ እናቱ ደረሰችለት።» «ይመታል»ን አላልቶ ያነበበ ሰው ልጁ ሌላውን ሊመታ ነው ብሎ ይቀጥላል። «ደረሰችለት» ላይ ሲደርስ ነገሩ አይገጥምም፤ የሚመታው ራሱ ልጁ ነው ለካ! ዓይን ወዲያው ወደ ሁለተኛው ቃል ይመለሳል፣ አጥብቆ ያነበዋል፣ ሐሳቡ ይቃናል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ መመለሳችንን እንኳ ልብ አንልም። በእኛ ቋንቋ «አትመለስ» ማለት «ሳይገባህ እለፍ» ማለት ነው።

በእንግሊዝኛም ቢሆን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤልዛቤት ሾተር፣ ኪት ሬይነርና ባልደረባቸው ባሳተሙት ሙከራ፣ አንባቢው ያለፋቸው ቃላት ተመልሶ እንዳያነባቸው ይሸፈኑ ነበር። የአንባቢዎቹ የመረዳት አቅም ቀነሰ፤ ትርጉማቸው ግልጽ በሆኑ አረፍተ ነገሮች ላይ ጭምር።

«መተግበሪያው የዓይንን ልፋት ስለሚያስቀር ፍጥነቱ በነፃ ይገኛል»

ስፕሪትዝ የተባለው ቴክኖሎጂ በዚያው በ2014 ሲወጣ ትልቅ ወሬ ነበር። ቃላቱ አንድ በአንድ እዚያው ቦታ ላይ ብልጭ እያሉ ያልፋሉ፣ አንዷ ፊደል ቀይ ትሆናለች፣ ዓይን መንቀሳቀስ አያስፈልገውም። ችግሩ ዓይን የሚንቀሳቀሰው ለከንቱ አለመሆኑ ነው። ባረፈበት ቃል ላይ ሆኖ የሚቀጥለውን ይቃኛል፣ ከባዱ ላይ ይቆያል፣ ቀላሉን ይዘለዋል፣ ሲያስፈልግ ይመለሳል። ብልጭታው እነዚህን ሁሉ ይነጥቀዋል።

በደቂቃ 1,000 ቃል ማለት ለአንድ ቃል 60 ሚሊሰከንድ ነው። ዓይንን አንዴ ማርገብገብ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚወስድ፣ ባርገበገባችሁ ቁጥር ቢያንስ አንድ ቃል ሳታዩት ያልፋል። ያ ቃል ደግሞ «አልነገርኳቸውም» ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛ አምስት ቃል የሚያወጣበትን እኛ በአንድ ቃል ጨርሰነዋል። የቃል ቆጠራውን ተስፋ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንዳለ መገልበጥ ከመነሻው አያስኬድም።

የቃላትን መጀመሪያ ፊደላት የሚያደምቀው ባዮኒክ ሪዲንግ የተባለው ዘዴም እ.ኤ.አ. በ2022 ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ ሲፈተሽ ፍጥነት አልጨመረም።

«ውስጣችን የሚሰማው ድምፅ ያዘገየናል፤ ዝም ይበል»

እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። አንባቢዎች በልባቸው ሲያነቡ የጉሮሯቸው ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምልክት እየተሰጣቸው እንዲያቆሙት ተደረገ። ቀላል ጽሑፍ ላይ የጎዳቸው ነገር የለም፤ ከባዱ ላይ ግን የሚገባቸው ቀነሰ። ለእኔ ደግሞ ከመረዳትም በላይ ነው። ግጥም፣ የገጸ ባሕርይ አነጋገር፣ ቁጣና ልመና የሚለዩት በዚያ ድምፅ ነው። እሱን ዝም ማሰኘት ሙዚቃን ድምፁን አጥፍቶ ማየት ነው።

«ቀስ ብሎ የሚያነብ ደካማ ነው»

ደቡብ አፍሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቪክተር ኔል ለደስታ የሚያነቡ ሰዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ግኝት ደስ ይለኛል። አንባቢዎች በጣም የወደዱት ክፍል ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ችሎታ አጥተው አይደለም፤ እንዳያልቅባቸው ነው የሚመስለኝ። ጣፋጭ ነገር አፍ ውስጥ ማቆየት የማያውቅ ማን አለ?

ሁሉንም እናዝግም ማለቴ ግን አይደለም። ማስታወቂያ፣ የአጠቃቀም መመሪያ፣ የምትፈልጉት አንድ ቁጥር ብቻ ያለበት ሪፖርት በገረፍታ ይታለፋል፤ ይህ ትክክለኛ ችሎታ ነው። እውነተኛው ፍጥነትም የሚመጣው ብዙ በማንበብ፣ ቃላት በማወቅና ስለ ጉዳዩ ቀድሞ በመረዳት ነው።

ያንን አጭር ልብ ወለድ በኋላ ከወረቀት ላይ በዝግታ ደግሜ አነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰውየው ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ «ሳይከፍተውም ኪሱ ውስጥ ከተተው» ይላል። የሚሞተው ደብዳቤው አስቀድሞ ካስጠነቀቀው ነገር ነው። ታሪኩን በሙሉ የተሸከመችው «ሳይከፍተውም» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ ስልኬ ላይ የቆየችው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ነበር። ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት።