ሱባኤና የደብር ደን

የደብር ደን በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ዙሪያ ተጠብቆ የቆየ አገር በቀል ደን ነው። ከሩቅ ሲያዩት በታረሰ ማሳ መካከል ጠቆር ያለ ክብ ሆኖ ይለያል። ጉልላቱ ከጥዱ መሐል ብቅ ካላለ ቤተ ክርስቲያን እንዳለበት እንኳ አይታወቅም። ስለ ዛፎቹ በየጊዜው ሲጻፍ፣ ዝናብ ሲቀርና ክረምቱ ሲዛባ የተጨነቀ ሰው የሚጠለልበት ቦታ ስለ መሆኑ ግን ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ በዋናነት የሚመለከተው ይህንን ነው።

ባለፉት ዓመታት «የአየር ንብረት ጭንቀት» የሚል ስያሜ በሥነ ልቦና ባለሙያዎች ዘንድ ተለምዷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በ10 አገሮች ከ16 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 10,000 ወጣቶች ተጠይቀው 59 በመቶ የሚሆኑት እጅግ እንደሚያሳስባቸው ተናግረዋል። ከአፍሪካ የተካተተችው ናይጄሪያ ብቻ ነበረች። ለዚህ ጭንቀት በብዛት የሚመከረው ከዜናው ራቅ ማለት፣ ዛፍ ባለበት ማረፍና ሐሳብን ከሚጋሩት ሰዎች ጋር መሰባሰብ ነው። ጎንደር ወይም ሸዋ ያለ ገበሬ ይህን ስያሜ ባይሰማውም «በልጉ ቀረ»፣ «ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ወጣ» ሲል ስለዚያው ሥጋት ነው የሚያወራው። የሚሄድበትም ቦታ አለው።

ሱባኤ

ሱባኤ ከዕለት ኑሮ ተለይቶ በጾምና በጸሎት መቆየት ነው። ቃሉ ሰባት ቁጥርን ከሚያመለክተው የግእዝ ቃል የመጣ ሲሆን አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን የግል፣ የማኅበርና የአዋጅ ብላ በሦስት ትከፍለዋለች። በግል የሚገባ ሰው አስቀድሞ ንስሐ አባቱን ያማክራል፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ስንት እንደሚሰግድ የሚወሰነው እንደ አቅሙ ነው። ይህ ጥንቃቄ ከአባቶች ጥበብ አንዱ ነው፤ ጭንቀት ያለበትን ሰው ከመጠን ባለፈ ጾም የባሰ ማድከም እንዳይመጣ ይጠብቃል።

በብዛት የሚገባበት ወቅት ጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ወደ ዝቋላና ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚጓዘው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ፈቃዱን ከፍልሰታ ጋር አስማምቶ ከውጭ አገር የሚመጣም አለ። ስንቁ ቀላል ነው፦ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ፣ የተነከረ ሽምብራ፣ ለጸበል ጀሪካን፣ ጋቢና ውዳሴ ማርያም። ነሐሴ ዝናብ ነውና ብዙው ሰው ደጀ ሰላሙ ጥግ ወይም በሸራ ሥር ያድራል፤ ሌሊት ለሰዓታት ጸሎት ሲነሣ ነጠላው እርጥብ ነው፣ ከወይራው ቅጠል የሚንጠባጠበው ውኃ ዝናቡ ካባራ በኋላም አያቆምም። በሦስተኛው ቀን ስልካቸው ባትሪ የጨረሰባቸው ሰዎች አጠገባቸው ካለው ሰው ጋር መጫወት ይጀምራሉ። ስለ ሰብል፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጅ ነው።

ሱባኤ የገባ ሰው የሚለምነው እግዚአብሔርን እንጂ ዕረፍት ፍለጋ አይደለም። ስለዚህ በውጭ ከሚዘወተሩት የማረፊያ መርሐ ግብሮች ጋር አንድ ነው ብሎ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል።

ምህላ

ሥጋቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የአገር ሲሆን ምህላ፣ ማለትም የሕዝብ የጋራ ልመና፣ ይታወጃል። ካህናቱ መስቀልና ጥና ይዘው ይቆማሉ፤ ሕዝቡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለውን በጣት አንጓ እየቆጠረ 41 ጊዜ ይላል። ሕፃናት ሲሳሳቱ እናቶች ጣታቸውን ይዘው ያስቆጥሯቸዋል። አርአያው የነነዌ ሰዎች ሦስት ቀን ጾም ነው። በ1966ና በ1977 በደረሱት ድርቆች ሕዝቡ ምህላ ላይ ነበር። በ2008 በኤል ኒኞ ሳቢያ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ ባስፈለገው ጊዜም እንዲሁ።

ይህ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። ሙስሊሙ ዝናብ ሲቀር ሜዳ ወጥቶ የኢስቲስቃ ሶላት ይሰግዳል፣ በወሎ ደግሞ ወዳጃ በሚባለው የጋራ የጸሎት ጉባኤ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል። በኦሮሞ ዘንድ በተራራ የሚከበረው የኢሬቻ ቱሉ ዝናብ የሚለመንበት ነው።

ደኑ

ስለ ደኖቹ ጥንታዊ ታሪክ ከየገድሉና ከየአጥቢያው ትውፊት በስተቀር የተጻፈ ጥቂት ነው። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ያለው ግን፣ በተለይ በደቡብ ጎንደር፣ በሰፊው ተጠንቷል። ይህም በአብዛኛው የአንድ ኢትዮጵያዊ የደን ሳይንስ ሊቅ ፍሬ ነው ማለት ይቻላል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት 28 የደብር ደኖችን መርምረው 168 የእንጨትነት ባሕርይ ያላቸው የዕፅዋት ዓይነቶችን መዘገቡ። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨትና አጋም ከእነዚህ ይገኛሉ። ከአጥሩ አንድ እርምጃ ወጣ ቢሉ አብዛኞቹ የሉም።

ጥናቱ ያመጣው ትልቁ ነገር ስለ ችግኝ ነው። አሮጌዎቹ ዛፎች ቢቆሙም ከሥራቸው ምትክ የሚያድገው ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ ከብት ገብቶ ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የዛፍ አናት ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱን ሲያነጋግሩ የተገኘው መፍትሔ የድንጋይ ካብ ነበር። ድንጋዩ የሚለቀመው ከአካባቢው ማሳ ነው፤ ገበሬው መሬቱ ይጠራለታል፣ ደኑ አጥር ያገኛል። ካቡን የሚክበው ምእመኑ ራሱ ነው። በአንዳንድ ቦታ ካቡ ከነባሩ የደን ጠርዝ ወጣ ብሎ ስለተሠራ ለደኑ መስፊያ ቦታ ተርፎለታል።

የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ሰዉ የሚጠብቀው ታቦቱን እንደሆነና ደኑ በታቦቱ ጥላ ሥር እንደተረፈ ጽፈዋል። እንደ እኔ ግን ደኑን ከታቦቱ ለይቶ ማየት ያስቸግራል፤ ዛፍ የሌለው ደብር ዕራቁቱን እንደ ቆመ የሚቆጠርበት አገር ነውና።

ዘጌ

ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የተለየ ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉ፤ ከዚያም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ። በዚህ ምክንያት በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ ኖሯል፤ ሕዝቡም በቡናና በጌሾ ይኖራል። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና ዛፍ ጥላ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ሲሄዱ ጦጣ ከላይ ቅርንጫፍ ታራግፋለች።

አከራካሪ ነጥቦችና አደጋዎች

«ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶዋ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው ቁጥር በየንግግሩ ይጠቀሳል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ቁጥሩ መሠረት የለውም ብሎ ተከራክሯል፤ በዚህ ላይ ጥንቃቄ ሳያስፈልግ አይቀርም። በጣልያን ወረራ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎች ከዘመኑ ምስሎች ጋር ሲነጻጸሩ ብዙዎቹ የደብር ደኖች ዛሬም በቦታቸው አሉ። ውስጣቸው ሳስቷል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

እሳት በተለይ በበጋ ያሠጋል፤ በመጋቢት 2004 የዝቋላ ደን ሲቃጠል ምእመናን ከአዲስ አበባ ሳይቀር በአውቶቡስ ተጉዘው በቅጠልና በአፈር አጥፍተዋል። ባሕር ዛፍም አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ቶሎ ስለሚደርስና ስለሚሸጥ ለደብሩ ገቢ ነው፣ ለካህናት ደመወዝና ለቆርቆሮ መግዣ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚተከለው በደኑ ጠርዝ ነው። ለዝክርና ለንግሥ የሚፈጀው ማገዶም ከእርሱ የሚቆረጥ ከሆነ ወይራው ይተርፋል የሚሉ አሉ። ሥሩ ውኃውን ይጨርሰዋል፣ ከሥሩም ሌላ አያበቅልም የሚሉትም በዚያው ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ተቀምጠዋል።