ቴስት ኦራክል ምንድን ነው?

ማንኛውም የሶፍትዌር ፍተሻ ሁለት ሥራዎችን ይዟል። አንደኛው ፕሮግራሙን ማንቀሳቀስ ነው፤ ቁጥር ማስገባት፣ ቁልፍ መጫን፣ የወጣውን ውጤት ማንበብ። ሁለተኛው የወጣው ውጤት ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ መፍረድ ነው። ለዚህ ፍርድ መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው ነገር፣ ሕግም ይሁን የውል ሰነድ፣ ሌላ ፕሮግራምም ይሁን ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው፣ በሙያው ቋንቋ ቴስት ኦራክል ይባላል። ስያሜውን በ1978 እ.ኤ.አ. ወደ ሙያው ያስገባው ዊልያም ሃውደን የተባለ ተመራማሪ ነው።

ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ ማየት የሚያስፈልገው፣ ባለፉት ሃያ ዓመታት ወደ መሥሪያ ቤቶች የገቡት የፍተሻ ቴክኖሎጂዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ያቀለሉት የመጀመሪያውን በመሆኑ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሴሌኒየም የተባለ መሣሪያ ቴስተሩ (የፍተሻ ባለሙያው) ድረ ገጽ ላይ ሲጫንና ሲሞላ የሚውለውን ሥራ ለማሽን አስረከበ። ቀጥለው የመጡት አሠራሮች ደቬሎፐሩ (የፕሮግራሙ ጸሐፊ) ኮዱን ባስገባ ቁጥር ቴስቶቹ በራሳቸው እንዲሮጡ አደረጉ፤ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራይ የኮምፒውተር አቅም፣ ደግሞ አንዱን ፍተሻ በብዙ ዓይነት ስልኮችና ብሮውዘሮች ላይ በአንድ ጊዜ ማስኬድን በኪራይ የሚገኝ አገልግሎት አደረገው። አሁን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ቴስቱን ራሱን ይጽፋሉ። የሚጠበቀው ውጤት ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ግን ከእነዚህ አንዳቸውም ከራሳቸው አውጥተው የሚሰጡት መልስ የለም፤ ከሆነ ቦታ ይወስዱታል። ድርጅቱ ሊጠይቅ የሚገባውም ከየት እንደወሰዱት ነው።

ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለማየት ሀዋሳ ውስጥ አንድ መካከለኛ ድርጅት የሚጠቀምበትን የደመወዝ ፕሮግራም እንውሰድ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሆቴሎቹና ዩኒቨርሲቲው ባሉባት ከተማ የወር ደመወዝ ስሌት የብዙ ሰው ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የግብር ሠንጠረዥ መሠረት ነው እንበል። በዚያ ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 600 ብር ከግብር ነጻ ሆኖ፣ በወር 5,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበታል። ደቬሎፐሩ ኮዱን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያው ሰጥቶ «ለዚህ ቴስት ጻፍልኝ» ይለዋል። መሣሪያው ኮዱን ያነባል፣ ስሌቱን ይከተላል፣ ለ5,000 ብር የሚጠበቀው ግብር 697 ብር ከ50 ነው ብሎ ይጽፋል፤ ለሌሎቹም የደመወዝ እርከኖች እንዲሁ። ቴስቶቹ በሙሉ አረንጓዴ ያበራሉ፣ አልፈዋል ማለት ነው፤ ሪፖርቱም ያልተነካ የኮድ መስመር እንደሌለ ይናገራል።

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሕጉ ሌላ ነው። በማሻሻያው የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሆኗል፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ይታሰብበታል። የዚያው ሠራተኛ ግብር 500 ብር ብቻ ነው። አረንጓዴዎቹ ቴስቶች በየወሩ ከአንድ ሰው ላይ 197 ብር ከ50 ሳንቲም ያለአግባብ መቆረጡን እየጠበቁ ቆመዋል ማለት ነው። ይህ የመሣሪያው ስንፍና አይደለም፤ የተሰጠው ዳኛ ኮዱ ስለነበር በኮዱ ፈረደ። ተማሪው ራሱ የሞላውን የመልስ ወረቀት እንደ መልስ ቁልፍ ተጠቅሞ ፈተናውን ቢያርም ሙሉ ነጥብ ከማግኘት በቀር ምን ሊሆን ይችላል?

የባሰው የሚመጣው ስህተቱ ሲታረም ነው። አንድ ንቁ ደቬሎፐር አዲሱን ሠንጠረዥ ሲያስገባ ቴስቶቹ ቀይ ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ ኮድ የሚያርመው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል «ቴስቶቹ እንዲያልፉ አድርግ» ተብሎ ከታዘዘ፣ ትክክለኛውን እርማት ሰርዞ አሮጌውን ስሌት ሊመልስ ይችላል፤ ለእሱ ቴስቱ ሕግ ነውና። በተቃራኒው ቴስቱን ለውጥ ከተባለ፣ አዲሱ ሠንጠረዥ በስህተት የተገለበጠ ቢሆን እንኳ ያንኑ ስህተት ያጸድቀዋል። ሁለቱም መንገዶች አረንጓዴ ላይ ያደርሳሉ።

እንዲህ ከኮዱ የሚወለድ ቴስት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የፕሮግራሙን ውስጣዊ አደረጃጀት ለማስተካከል የተነሳ ቡድን ትናንት ይሰጥ የነበረውን ውጤት ሳያዛባ መሥራቱን ማረጋገጥ ሲፈልግ የትናንቱ ፕሮግራም በቂ ዳኛ ነው። የሒሳብ ክፍሎቻችንም ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ አዲስ ሲስተም ሲገባ አሮጌውንና አዲሱን ለአንድ ሁለት ወር ጎን ለጎን አስኪደው ልዩነት ይፈልጋሉ። ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ ሕጉ በተቀየረበት ወር ላይ ሁለቱም ሲስተሞች ተስማምተው ሊሳሳቱ መቻላቸው ነው።

በሌላ በኩል ማንም ባለሙያ ሳይጠየቅ የሚታወቅ ፍርድም አለ፤ ፕሮግራሙ ድንገት መዘጋት የለበትም፣ መንጠልጠል የለበትም፣ የአንዱን ደንበኛ መረጃ ለሌላው ማሳየት የለበትም። እዚህ ላይ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ያለጥርጥር ውጤታማ ናቸው፤ እንግዳና የተዛባ ግብዓት በብዛት እያመነጩ ፕሮግራሙን ሌሊቱን ሙሉ ሲፈታተኑ ሊያድሩ ይችላሉ።

ዳኛው ራሱ ሶፍትዌር ሲሆን ምን ሊከተል እንደሚችል ደግሞ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓለም በሙሉ አይቶታል። በዚያ ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት ያሰራጨው ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አሰናከለ። ድርጅቱ በኋላ ባወጣው ማብራሪያ መሠረት፣ አዲሱ የማሻሻያ ቅርጽ 21 መስኮች (ለየመረጃው የተመደቡ ቦታዎች) እንደሚቀርቡለት ሲገልጽ በደንበኞች ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም ግን የሚያቀርበው 20 ብቻ ነበር። ቀደም ሲል የተደረጉት ቴስቶች ለ21ኛው መስክ «ማንኛውም ነገር ይሁን» የሚል መስፈርት ስለተጠቀሙ ጉድለቱ ሳይነካ አለፈ። ማሻሻያው ከመሰራጨቱ በፊት የሚመረምረው ፕሮግራምም 21 መስኮች ይቀርባሉ ብሎ ያምን ስለነበር የይለፍ ፈቃድ ሰጠ። ፍተሻ አልተዘለለም፤ ፈራጁና ተፈራጁ በአንድ የተሳሳተ እምነት ላይ ተስማምተው ነበር።

ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው የሚፈተሸው ሲስተም ራሱ የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ለጥያቄ በራሱ ጽሑፍ እያመነጨ የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ ሲሆን ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ለእንግዶቹ በአማርኛና በሲዳምኛ የሚመልስ ረዳት በስልክ አፑ ላይ አስገባ እንበል። አንዱ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲቀርብለት ሁለት የተለያዩ፣ ግን ሁለቱም ትክክል የሆኑ ዓረፍተ ነገሮች ሊሰጥ ስለሚችል፣ «የሚጠበቀው ጽሑፍ ይህ ነው» ብሎ ፊደል በፊደል ማመሳከር አይሠራም። ድርጅቶች ለዚህ ያገኙት ርካሽ መፍትሔ ሌላ ሞዴልን ዳኛ ማድረግ ነው። ብዙ መልሶችን በፍጥነት ይመዝናል፤ ግን ረዘም ላለ መልስና ቀድሞ ለቀረበለት መልስ የሚያደላበት ጊዜ መኖሩ በጥናት ታይቷል።

አድልዎው ይቅርና ቀላል የሚመስለውን ጉዳይ እንመልከት። እንግዳው «ቁርስ ስንት ሰዓት ይጀምራል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ረዳቱ «ቁርስ 7 ሰዓት ላይ ይጀምራል» ይላል። ሰዋስዉ ያማረ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የሆቴሉ መረጃም 7 ይላል፤ ዳኛው ሞዴል ሙሉ ነጥብ ሊሰጠው ይችላል። አማርኛ ተናጋሪው እንግዳ ግን 7 ሰዓት ሲባል የሚረዳው ከቀትር በኋላ ያለውን ነው፤ መባል የነበረበት «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ነበር። ይህን ስህተት ለመያዝ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ አንድ ጊዜ ብታነበው ይበቃል። በእኔ ግምት የዚህች ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ለሆቴሉ ከብዙ መሣሪያ ኪራይ ይበልጣል፤ የፍተሻ በጀት ሲያዝ ግን ስሟ አይነሳም።

ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ ተመራማሪዎች ያመጡት ሌላ መንገድ አለ፤ ቲ. ዋይ. ቼንና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሜታሞርፊክ ቴስቲንግ ይባላል። መልሱ ምን እንደሆነ ሳይሆን፣ በሁለት መልሶች መካከል ሊኖር የሚገባው ዝምድና መጠበቁ ይፈተሻል። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ደንበኛና «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ደንበኛ ያንኑ ዝርዝር ማግኘት አለባቸው። ግብር የሚከፈልበት ደመወዝ ሲጨምር የተጣራው ክፍያ መቀነስ የለበትም። የሠራተኞች ቅደም ተከተል ቢቀያየር የወሩ ጠቅላላ ድምር መቀያየር የለበትም። እነዚህን ዝምድናዎች አንድ ጊዜ ሰው ከነገራቸው ማሽኖቹ ሳይሰለቹ ሊፈትሿቸው ይችላሉ፤ እኔ ለአገርኛ ሲስተሞች በጣም የሚስማማ አድርጌ የማየው ይህን ነው። ሆኖም አሮጌው የግብር ሠንጠረዥም ደመወዝ ሲጨምር የተጣራውን ክፍያ ስለማይቀንስ፣ ይህ ፍተሻ ብቻውን የ197 ብር ከ50ውን ስህተት አይዝም።

በድርጅቶች ውስጥ የሚለወጠው እንግዲህ የሥራው ክፍፍል ነው። ቀድሞ ቴስተሩ ቀኑን የሚጨርሰው ስክሪፕት በመጻፍና በመጠገን ነበር፤ ያ ሲቀንስ የሚቀረው ሥራ ከሒሳብ ክፍል፣ ከሰው ሀብት፣ ከደንበኞች አገልግሎት ጋር ተቀምጦ ፍርድን በጽሑፍ መቀበል ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ይህ እውቀት ብዙውን ጊዜ «እሱን ወይዘሮ እገሊት ያውቁታል» በሚባል ደረጃ ላይ ይገኛል፤ እሳቸው የዓመት ፈቃድ ሲወጡ ኦራክሉም አብሮ ይወጣል።

ለደመወዝ ፕሮግራሙ የሚያስፈልገው የጽሑፍ ፍርድ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በማሻሻያው መሠረት የ2,000 ብር ደመወዝ ግብር ዜሮ፣ የ4,000 ብር 300፣ የ7,000 ብር 900፣ የ10,000 ብር 1,650፣ የ14,000 ብር 2,850 ብር ነው። ሒሳብ ሹሟ እነዚህን በእጅ አስልተው፣ ሕጉ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ጽፈው ይፈርሙባቸዋል፤ ገጹ ከኮዱ ጋር አብሮ ይቀመጣል፣ አዋጅ ሲቀየር ገጹን የሚያድሰው ሰውም በስም ይታወቃል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያው የቀሩትን ቴስቶች እንዲያባዛ የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚሰጠውም ኮዱ ሳይሆን ያ ገጽ ነው።