አስቸጋሪ እንግዳ ወይስ አስቸጋሪ ምዝገባ? ሪሴፕሽን ላይ የሚዘወተሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሆቴል ሪሴፕሽን ሠራተኞች ተሰብስበው ሻይ ሲጠጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ስለ እንግዳ ነው። ስለጮኸው፣ ቁልፍ ስለወረወረው፣ በእኩለ ሌሊት ዶሮ ወጥ ካልመጣልኝ ስላለው። ወሬው ይጥማል። ችግሩ አብረውት የሚዞሩት አባባሎች ለአዲስ ሠራተኛ እንደ ሕግ መነገራቸው ነው። እኔ እንደማየው አዲስ አበባ ውስጥ «አስቸጋሪ» ከሚባለው እንግዳ አብዛኛው የተቆጣው ገና ሲመዘገብ የሆነ ነገር ስለተሳሳተ ነው።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ ያለውን ሁሉ እሺ በል»

በየሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ ነው። በሆቴሉ ዓለም ተመሳሳዩ አባባል የሚነገረው በስዊዘርላንዳዊው ሴዛር ሪትዝ ስም ነው፤ «ደንበኛ አይሳሳትም» ይል ነበር ይባላል። ግን እሱም ቢሆን የሚጠቀሰው ምግቡ ወይም ወይኑ አልጣመኝም ላለ ሰው ነው። አትከራከር፣ አንሳና ቀይርለት ነው ነገሩ። ክፍል የምታጸዳውን ልጅ ለሚሳደብ ወይም እጇን ለሚጎትት ሰው የተባለ አይደለም። ለቅሬታ እሺ ይባላል፤ ለብልግና ግን ማናጀር ይጠራል፣ ካስፈለገም ፖሊስ። ልጅቷን «ቻይው፣ እንግዳ ነው» የሚል አለቃ ሥራውን አልሠራም።

«እንግዶች ሰዓት አያከብሩም»

ይሄ እኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ኢንተርኔት ላይ የተያዘው ክፍል ወረቀት ቼክ ኢን 2፡00 ይላል። ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ሁለት የፈረንጅ ፊደላት፣ ከቀትር በኋላ የሚለውን PM፣ ማን ያያል? እንግዳው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ከች ይላል። ሆቴሉ ያሰበው ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓትን ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው ተኝቷል። እንግዳው ወረቀቱን አውጥቶ «2 ይላል እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ወረቀቱ 2 ይላል።

ቀስቅሱኝ የሚለውም እንዲሁ ነው። ሐበሻ «11 ሰዓት ላይ ቀስቅሱኝ» ካለ ሊነጋ ሲል ማለቱ ነው። ፈረንጁ ያንኑ ቁጥር ሲጠራ ረፋድ 5 ሰዓት ማለቱ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሠራተኛ አንዱን ያለ ሰዓቱ ከእንቅልፉ ያባንነዋል፤ ሌላኛውን አውሮፕላን ያስመልጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚጮኸውን ሰው አስቸጋሪ ማለት ይከብዳል።

ቀኑ ይብሳል። አንዱ በስልክ «ለታኅሣሥ 20» ብሎ ክፍል ይይዛል። ሠራተኛው ሲስተሙ ላይ ዲሴምበር 20 ብሎ ይመታዋል። ዲሴምበር 20 ግን ታኅሣሥ 11 ነው። በዘጠነኛው ቀን እንግዳው ሲመጣ ሲስተሙ «አልመጣም» ብሎ ሰርዞታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሰዓቱንም ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጮክ ብሎ መድገም፣ «ሌሊት ነው ቀን?» ብሎ መጠየቅ፣ ቀኑን ከነዕለቱ መጻፍ። ሐሙስ በሁለቱም አቆጣጠር ሐሙስ ነው።

«በዋጋ የሚከራከር ቋጣሪ ነው»

ክፍሉ 3,000 ብር ተብሏል። ሲወጣ ሂሳቡ 3,795 ሆኖ ይጠብቀዋል። 10 ከመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በዚያ ላይ 15 ከመቶ ቫት። «ፕላስ ፕላስ»፣ ማለትም በዋጋው ላይ ሁለቱ ይጨመራሉ የሚለው፣ ለሆቴል ሰው ግልጽ ነው፤ ለእንግዳው ግን ምኑም አይደለም። ሲገባ የመጨረሻውን ቁጥር ብትነግሩት ኖሮ ወይ ይስማማል ወይ ይሄዳል። ሲወጣ የሚሰማው ግን እንደተታለለ ነው።

«ዝም ያለ እንግዳ ረክቷል»

ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ሙቅ ውሃ ሳይኖር ሦስት ቀን አድሮ «ምንም አይደል፣ ይሁን» ብሎ የሚወጣ ሰው ሞልቷል። ተመልሶ አይመጣም፤ ለዘመዱ ሁሉ ግን ያወራል። ለእኔ ከሚጮኸው ይልቅ የሚያሰጋው ይሄ ነው። «ሁሉ ሰላም ነው?» ብትሉት መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ጣሪያው ቢያፈስም። «ውሃው ሞቀልዎት? ትናንት የጎረቤት ሙዚቃ አልረበሸዎትም?» ብላችሁ ጠይቁት።

«ዘመድ ከሆነ የክፍል ቁጥር ቢነገረው ምን አለበት?»

አለበት። ባል ነኝ፣ እህቱ ነኝ የሚል ሁሉ በሰላም አይመጣም። የእንግዳው ፈቃድ ሳይኖር የክፍል ቁጥር አይነገርም፤ እንዲያውም እዚህ ስለማረፉም ማረጋገጫ አይሰጥም። ስልክ ወደ ክፍሉ ይደወላል፣ እንግዳው ከፈለገ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ ግን ይህ ደንብ ከባህላችን ጋር ይጋጫል። ሊነጋጋ ሲል ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶችና ሁለት ሽማግሌዎች ሎቢ ይገባሉ። ከውጭ ለመጣው ልጅ መርዶ ሊነግሩ ነው። ደውሎ «ዘመዶችዎ መጥተዋል» ማለት በዚያ ሰዓት መርዶውን ራሱ መናገር ነው። ዝም ብሎ ቁጥሩን መስጠትም አይሆንም። የሚያዋጣው የሌሊቱን ኃላፊ መጥራት ነው። ሰዎቹ ማን እንደሆኑ በእርጋታ ይጠየቃሉ፣ ጥግ ያለ ክፍል ይከፈትላቸዋል፣ እንግዳው በሌላ ምክንያት ቀስ ብሎ እንዲወርድ ይጠራል። ልቅሶው በሎቢው መሐል ባይሆን ለሁሉም ይሻላል። ቀጥሎም ውሃ፣ ወንበር፣ ሂሳብ ሳይነሳ ሻንጣ ማውረድ።

«የሚንገዳገድ ሁሉ ጠጥቷል»

የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይወላገዳል። ጥበቃ ከመጥራት በፊት «አመመዎት?» ይባላል። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ለስላሳ ይሰጠዋል፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ አምቡላንስ ይጠራል።

«ልዩ ጥያቄ የሚያበዛ ጨቅጫቃ ነው»

በሑዳዴ ቁርሱን ከሰዓት የሚፈልግ፣ በረመዳን ሌሊት 10 ሰዓት ሱሁር የሚጠይቅ እንግዳ ልዩ አይደለም። ወጥ ቤቱ ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

«ክፍል ሲጠፋ ትንሽ ውሸት ያረጋጋል»

ሆቴሎች የማይመጣ ሰው አይጠፋም ብለው ካላቸው ክፍል በላይ ይሸጣሉ። በየካቲት መጀመሪያ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን፣ ወይም በጥምቀት ጎንደር ላይ፣ ሁሉም ይመጣል። ያኔ «ቧንቧ ፈንድቶ ነው» የሚባለው ወሬ ይጀምራል። እንግዳው ከእሱ በኋላ የገባው ሰው ቁልፍ ሲቀበል ያያል። እውነቱን መንገር፣ በሆቴሉ ወጪ ሌላ ቦታ ማሳደር፣ ታክሲውን መክፈል ነው ያለው። ይህም ሰውየው ሳይደርስ መዘጋጀት አለበት። ሻንጣው ሎቢ ከገባ በኋላ መደወል ከጀመራችሁ፣ በጉባኤ ሰሞን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቦሌ አካባቢ ክፍል ማግኘት ዕድል ነው።