ስዊፍት ኮድና አይባን አንድ አይደሉም

«ወደ ውጭ አገር ገንዘብ ስንልክ የምንጠየቃቸው ስዊፍት ኮድና አይባን አንድ ናቸው ወይ?» የምትለው ጥያቄ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ አንዴ ልጻፋትና እንገላገል። ስዊፍት ኮድ የተቀባዩ ባንክ መለያ ነው፤ 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር አለው። አይባን ግን የተቀባዩ የራሱ ሂሳብ ቁጥር ነው፣ ከነአገሩ መለያ። የጀርመን ከሆነ «ዲ» እና «ኢ» በሚባሉት የላቲን ፊደላት ይጀምርና በጠቅላላው 22 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። አሜሪካና ካናዳ አይባን አይጠቀሙም፤ እዚያ ያለ ዘመድ «የለኝም» ቢላችሁ አትጨቃጨቁት።

ባለፈው የአክስቴን ልጅ የትምህርት ክፍያ ልንልክ ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ ባንክ ሄደን፣ ለካ አንዷን ዜሮ «ኦ» ብለን ጽፈናት ኖሯል፤ ፎርሙ ተመለሰ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ ቀኑ አለቀ። ስምም ሂሳቡ ላይ እንዳለው ይጻፍ።

ብሩን በዶላር ወይም በዩሮ ለመላክ ምክንያቱን በሰነድ ማሳየት ግድ ነው፤ ለትምህርት ከሆነ የትምህርት ቤቱን የክፍያ ደብዳቤ። ተጨማሪ ወረቀት፣ ኮሚሽንና የሚቆየው ቀን ግን እንደየባንኩ ነው፤ ሳትሄዱ ደውሉ።